ክቡ እስኪቆልፍ

የሬዲዮዬ ድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ፣ ያ የሚዞረው፣ ለሁለት ተሰንጥቆ እጄ ላይ ባይቀር ኖሮ እስካሁን የ3D ዕቃ መንደፊያ ሶፍትዌር ሳወዳድር እገኝ ነበር። ምን እንደምሠራበት ሳላውቅ የትኛው እንደሚሻል ማወቅ አልቻልኩም ነበርና።

ቁልፉ የሚሰካበት ዘንግ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ክብ ነው፤ አንድ ጎኑ ግን ተሞርዶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ከጠፍጣፋው ጎን እስከ ማዶው በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ስለካው 4.5 መጣ። ምትኩን መጀመሪያ የሠራሁት ኪዩብና ሲሊንደር እየጎተቱ በሚያጣብቁበት ቀላል ፕሮግራም ነው። ቅርጹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጣ። በ3D ማተሚያ ታትሞ ሲመጣ ግን ዘንጉ አልገባም፤ ፕላስቲክ ቀልጦ ሲታተም ቀዳዳው ከተሳለው ጠበብ ይላል። ቀዳዳውን ላሰፋ ስነካው ጠፍጣፋው ጎን አብሮ አልሄደም። ሁሉን እንደገና ገጣጠምኩ።

የሚያስፈልገኝ አንድ ቁጥር ስቀይር ሌላው ተከትሎ የሚስተካከልበት፣ ፓራሜትሪክ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ብሌንደር የተባለውን ፕሮግራም በዚህ ምክንያት ተውኩት፤ ለአኒሜሽን ግሩም ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚሠራውን ኦንሼፕን ደግሞ በነጻ ሲጠቀሙበት የሠሩት ሁሉ ለማንም ክፍት ይሆናል። እኔ ፋይሎቼ ኮምፒውተሬ ላይ እንዲቀመጡ ስለምፈልግ ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚሠራጨውን ፍሪካድን መረጥኩ። 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በ2024 ነው፤ አስቀድሞ የተሳለ ነገር ሲለወጥ ከላዩ የተሠራው የሚፋለስበትን የቆየ ችግር በእጅጉ አቃለለ።

ትምህርቱ ያለው ግን ስኬቹ፣ ማለትም ዕቃው የሚወጣበት ጠፍጣፋ ንድፍ ላይ ነው። አንድ ክብ ስስል ሦስት ነጻነት አለው፦ መሐሉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክቡም ይሰፋል ይጠባል። መሐሉን የመነሻው ነጥብ ላይ ሳስር አንድ ብቻ ይቀረዋል። ልኩን ስሰጠው መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በማውስ ብጎትተው ንቅንቅ አይልም። ያ አረንጓዴ ሲመጣ ደስታዬ ወሰን የለውም! መስመሩ ለዓይን ቀጥ ያለ መምሰሉ በቂ አይደለም፤ ቀጥ ብለህ ቁም ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 ስኬችፓድ በተባለው ፕሮግራሙ ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ በብርሃን ብዕር እየሳለ መስመሮቹ ትይዩ እንዲሆኑ ያዛል፣ ማሽኑም ያስተካክላቸዋል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሐሳብ ዛሬ የኔን ቀዳዳ ይይዝልኛል።

6ን 6.2 አደረግኩት፤ 4.5ን 4.7። ጠፍጣፋው ጎን ራሱ ተከትሎ ቦታውን ያዘ። ሦስተኛው ኅትመት በአውራ ጣት ጫን ሲደረግ ጠቅ ብሎ ገባ።

አሁን ተራው የባትሪው ክዳን ነው። የሚነክሰውን ቀጭን ምላስ ገና አልለካሁትም።