ቡና ለመቀነስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ኩባያውን ይለካ

«ቡና ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚጠፋው ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ስለሆነ ነው። ስንት ኩባያ? በስንት ሰዓት? የተጣራ ነው ያልተጣራ? ስንት ማንኪያ ስኳር ገባበት? ጠዋት ሁለት ኩባያ የተጣራ ቡና ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰውና እስከ ማታ ድረስ ስድስት ኩባያ አጣፍጦ የሚጠጣ ሰው አንድ መጠጥ ይጠጣሉ ማለት ይከብዳል። የመጀመሪያው ሰው፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ምንም መቀየር አያስፈልገው ይሆናል። እንዲያውም በብዙ ሰዎች ላይ የተደረጉ የረጅም ጊዜ ጥናቶች ቡና ጠጪዎች ላይ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና የጉበት በሽታ አነስ ብሎ እንደሚታይ ያሳያሉ።

መጠኑን በተመለከተ፣ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ስጋት እንደማይፈጥር ገልጿል። ለነፍሰ ጡር የቀኑ ጣሪያ 200 ነው። ችግሩ ማንም ሰው ሚሊ ግራም አይቆጥርም፣ የሚቆጠረው ኩባያ ነው። 240 ሚሊ ሊትር የተጣራ ቡና በአማካይ 95 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ 30 ሚሊ ሊትር ኤስፕሬሶ 63፣ አንድ ኩባያ ጥቁር ሻይ 47፣ አረንጓዴ ሻይ 28 ገደማ። ካፌይን የወጣለት ቡናም ባዶ አይደለም፣ ከ2 እስከ 15 ይቀርበታል። አሁን የሚጠጡበትን ኩባያ ሁልጊዜ እስከሚሞሉት ድረስ ውሃ ሞልተው መለኪያ ውስጥ ይገልብጡት። ብዙ ትልልቅ ኩባያዎች 350 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። ያ ማለት በአንድ ኩባያ 140 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ «ሦስት ብቻ ነው የምጠጣው» የሚለው ሰው ሳያውቀው ከጣሪያው በላይ ወጥቷል።

ካፌይን የሚሠራበት መንገድ ከገባን ሲቀነስ የሚመጣው ሕመምም ይገባናል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ተቀባይ በሚባሉት የአንጎል ማረፊያዎቹ ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን የትም አልሄደም። በየቀኑ ቡና የለመደ አንጎል ደግሞ ተቀባዮቹን ያበዛል። ቡናው በድንገት ሲቀር ያ ሁሉ አዴኖሲን ያለ ከልካይ ይገባል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ምታቱ ይነሳል። ሐራራው ከመጨረሻው ኩባያ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይከፋል፣ ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ብዙ መጠጣት አያስፈልግም፤ በቀን 100 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ኩባያ የለመደ ሰውም ያመዋል። በሥራ ቀን ደህና ውሎ በእረፍት ቀን አርፍዶ ሲነሳ ራሱን የሚያመው ሰው፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት የጠዋት ቡናው በስንት ሰዓት እንደዘገየ ይቁጠር።

አንድ ሰው ከወሰደው ካፌይን ግማሹ ከሰውነቱ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጃል። ከቀኑ በ10 ሰዓት 200 ሚሊ ግራም የጠጣ ሰው ማታ በ3 ሰዓት ገና 100 አለበት፣ ከሌሊቱ በ8 ሰዓት 50። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቶሎ መተኛታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥልቁ እንቅልፍ ግን ይሳሳል፣ ጠዋት ደክሟቸው ይነሳሉ፣ ለድካሙ ሌላ ቡና ይጠጣሉ። ይህ የ5 ሰዓት ስሌት ለሁሉም እኩል አይሠራም። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ጊዜው ወደ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል በእጥፍ ገደማ ያራዝመዋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያም ያዘገየዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በተቃራኒው ካፌይንን በእጥፍ ፍጥነት ያስወግዳል። ስለዚህ ሲጋራ ያቆመ ሰው ቡናውን በነበረበት ከተወው፣ ያንኑ ያህል ጠጥቶ ደሙ ውስጥ እጥፍ ካፌይን ይዞ ይውላል። ከዚያ የሚመጣው መርበትበትና እንቅልፍ ማጣት ሁሉ በሲጋራው ይሳበባል።

ቡናን ሙሉ በሙሉ ከመተው በፊት አንዳንዱ ችግር በአፈላልና በሰዓት ለውጥ ብቻ ይፈታል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው መጀመሪያ መቀየር ያለበት ማጣሪያውን ነው። ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉት የቡና ቅባቶች መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋሉ፤ ወረቀት ይዞ ያስቀራቸዋል፣ የብረት ወንፊት ግን ያሳልፋቸዋል፣ ተፍልቶ ሳይጣራ በተቀዳ ቡና ውስጥም በብዛት ይገኛሉ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ሰዓቱን ያስተካክል። ቡናም ሻይም ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዱታል፤ ሻይ ከቡናም ይብሳል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማዘግየት ይበጃል። የብረት እንክብልን በቡና መዋጥ ግን ገንዘብ መጣል ነው። የታይሮይድ መድኃኒት የሆነውን ሌቮታይሮክሲንን የሚወስድ ሰውም በውሃ ውጦ ለቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቅ።

መቀነስ የግድ ከሆነ በመጀመሪያ የሚቀረው የመጨረሻው ኩባያ ነው፣ የጠዋቱ አይነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጠዋቱን ትቶ በራስ ምታት ከዋለ በኋላ ማታ ይሸነፋል። በቀን አራት ኩባያ የሚጠጣ ሰው አራተኛውን ትቶ አራት ቀን ይቆይ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። የቀሩትን ለማሳነስ ከመለኪያ ማንኪያ የተሻለ ዘዴ የለም። በአራት ማንኪያ ዱቄት ውስጥ አንዱን ካፌይን በወጣለት ይተኩ፣ ከአራት ቀን በኋላ ሁለቱን፣ ከዚያ ሦስቱን። ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፣ ኩባያውም እጅ ላይ ነው፤ ልማዱ ግማሹ እጅ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ራስ ምታት ከመጣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመልሶ ሁለት ቀን መቆየት ነው። የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብብ፤ አንዳንዶቹ በአንድ ፍሬ 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አላቸው፣ ሁለት ፍሬ የዋጠ ሰው ቡናውን በጓሮ በር አስገባው ማለት ነው። ከአሥር ቀን በላይ የዘለቀ ራስ ምታት ግን በቡና አይሳበብም፣ ሐኪም ይየው።

አሁን ምትኩ። ቡናን ትቶ ለስላሳ መጠጥ ወይም የታሸገ ጭማቂ መያዝ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2015 መመሪያ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ተጨማሪ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። የጭማቂ ስኳርም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው፤ ሦስት ማንኪያ በአራት ኩባያ 48 ይሆናል። እንደኔ ከሆነ ለብዙ ሰው ከካፌይኑ ይልቅ አጣዳፊው ይህ ነው።

ከካፌይን ነፃ ከሆኑት ውስጥ ከርከዴ ጥሩ ነው፣ አፈላሉ ግን ይበላሻል። ለ240 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከነቁልሉ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲቆይ ይጎመዝዛል፣ ሰውም ጎምዛዛውን ለማሸነፍ ስኳር ይጨምራል፣ ልፋቱም ከንቱ ይቀራል። ጨርሶ መጎምዘዙን ለማይወድ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ግራም ዘፍዝፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ከርከዴ የደም ግፊትን ትንሽ ስለሚቀንስ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለሐኪማቸው ይንገሩ። ዝንጅብል ሲሆን አውራ ጣት የሚያህለውን በስሱ ከትፎ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በትንሽ እሳት አሥር ደቂቃ። አረንጓዴ ሻይ ካፌይን ቢኖረውም ከቡና ያነሰ ነው፤ መራራ የሚሆነው የፈላ ውሃ ስለሚደፋበት ነው፤ ውሃው ወደ 80 ዲግሪ ይብረድ፣ ቅጠሉ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይ። የተቆላ ገብስ ቡናን በቀለምም በሽታም ይቀርበዋል፤ ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ለማይስማማው ሰው ግን አይሆንም። ናና ቃር ያለበትን ሰው ሊያብስበት ይችላል፤ ሊኮሪስ ከሚባለው ተክል ጣፋጭ ሥር የሚፈላው ሻይ ደግሞ ሲዘወተር ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታስየም ያወርዳል።

አንድ ነገር ሁሉንም ይመለከታል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ቡናን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ዝርዝር ሲያወጣው፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውንም መጠጥ ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። ዝንጅብሉም ከርከዴውም ከእሳት እንደወረደ አይጠጣም፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ የማያቃጥል እስኪሆን ኩባያው ይቀመጥ።