የመብራት ቢሉን ተዉትና የናፍጣውን ደረሰኝ አምጡ

ሰሞኑን ድሬ ወርክሾፕ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች አዲስ ጥያቄ አምጥተዋል፣ ዋጋና የአዳራሽ ስፋት ጠይቀው አይበቃቸውም፣ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲያዝ ስንት ኪሎ ካርቦን እንደሚወጣ ሙሉልን ብለው ፎርም ይልካሉ። ቁጥር የተባለ ነገር ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛ የሆቴሉ ሂሳብ ክፍል ነው።

ሆቴሎች በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲለኩ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ኤችሲኤምአይ የሚባል አሰራር አለ። የዓመቱን መብራት፣ ነዳጅ፣ የማብሰያ ጋዝ ትደምራለህ፣ አንሶላው ውጪ ላውንደሪ የሚታጠብ ከሆነ የሱንም ትጨምራለህ፣ ወደ ካርቦን ትቀይረውና ለመኝታና ለስብሰባ አዳራሽ ታከፋፍለዋለህ። የመኝታው የሚካፈለው ሰው ላደረበት ክፍል ብቻ ነው፣ ስለዚህ እንግዳ በሌለበት ወቅት የሎቢው መብራትና የኪችኑ ፍሪጅ ሸክም ባሉት ጥቂት እንግዶች ላይ ይወድቅና ቁጥሩ ያስደነግጣል።

የድሬ ሙቀት የታወቀ ስለሆነ ሁሉም የሚከሰው ኤሲን ነው። እውነት ነው ቢሉን የሚያንረው እሱ ነው፣ ግን የሀገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመጣ ካርቦኑ ትንሽ ነው። ጉዱ ያለው መብራት ሲሄድ ነው፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ያው ኤሲ በጄኔሬተር ሲሰራ ሌላ ታሪክ ነው።

እና ናፍጣውን ልደምር ስቶር ወረድኩ። መዝገቡ ላይ «ናፍጣ 2 ጀሪካን» ይላል፣ ቀን የለውም። ስቶር ውስጥ ደግሞ ባለ 20 ሊትርም ባለ 25 ሊትርም ጀሪካን አለ። ስቶር የሚይዙትን ጋሼ የትኛው ነው ስላቸው «አቦ አታካብደው፣ ጀሪካን ጀሪካን ነው!» አሉኝ 😂

የባሰው ግን ኤሲው ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። አር 410ኤ የሚባለው 1 ኪሎ አየር ላይ ከወጣ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦንዳይኦክሳይድ እንደማለት ነው። አንድ ክረምት 2 ኪሎ ሾልኮ ቢሞላ ከ4 ቶን አለፈ፣ 1,500 ሊትር ናፍጣ ማቃጠል በሉት። ደረሰኙ ግን «ኤሲ ጥገና» ብቻ ነው የሚለው፣ የጋዙ ዓይነት የለ፣ ኪሎ የለ! ክፍል ውስጥ ደግሞ አካባቢን ለመጠበቅ ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ የሚል ካርድ አለን፣ እሺ ይሁን።

መብራታችን ከውሃ ነው ካርቦን የለንም ብሎ ፎርሙን መመለስ በጣም ይቀላል፣ ለኔ ግን ያ ውሸት ነው። አሁን ጥበቃዎቹ ጄኔሬተሩ በተነሳ ቁጥር ላዩ ላይ ያለውን የሰዓት ቆጣሪ አንብበው ይጽፋሉ፣ ናፍጣው በሊትር ነው የሚመዘገበው፣ የጋዙ ኪሎ ያልተጻፈበት የጥገና ደረሰኝም አልከፍልም ብያለሁ። ቴክኒሻኑ ተኮሳትሯል፣ ይኮሳተር።