በሃይላንድ ጠርሙስ የለካሁት ክረምት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ አዳማ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና እያረምሁ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ በአንድ ቦታ መሰብሰብ ተከለከለ። ከቤት መውጣት ጨርሶ ባይከለከልም፣ እናቴ አብራን ስለምትኖርና የስኳር ሕመም ስላለባት፣ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ለአስቤዛ ካልሆነ በቀር ከግቢ ላለመውጣት ተስማማን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱኝ። ስልክ በደወልሁ ቁጥር ከጥሪው በፊት እጅ ስለመታጠብ የሚናገረውን ድምፅ እሰማለሁ፤ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር እጠብቃለሁ፤ ቁጥሩን ከሰማሁ በኋላ ግን የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ፋሲካም ሚያዝያ 11 ቀን ያለ ዘመድ አዝማድ አለፈ። በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አዋራውን እያነሳ መስኮቱን የሚደበድበው ነፋስ ድንገት ጸጥ አለና የቆርቆሮ ጣሪያችን በዝናብ ጮኸ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ “አባዬ፣ ይኼ ስንት ሚሊሜትር ይሆናል?” ስትል ጠየቀችኝ። ዝናብ በሚሊሜትር እንደሚለካ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ አንድም ቀን ግን በገዛ እጄ ለክቼ ስለማላውቅ መልስ አልነበረኝም። መለካት የጀመርሁት በማግስቱ ነው።

መለኪያውን የሠራሁት ከባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት በታች ቆርጬ፣ የላይኛውን ቁራጭ ገልብጬ እንደ ማጥለያ በአፉ ላይ አስቀመጥሁት። የጠርሙሱ ግርጌ ጎርባጣ በመሆኑ ከዚያ ጀምሮ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ ጠጠር ጨምሬ፣ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ሞልቼ፣ የውኃው አናት ዜሮ እንዲሆን ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፍሁበት። የአፉና የጎኑ ስፋት እኩል እስከሆነ ድረስ በማስመሪያው ላይ የሚነበበው ቁመት የዘነበው ዝናብ መጠን ነው፤ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። አንድ ሚሊሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት መሆኑን ልጄ የተረዳችው ከዚህ ጠርሙስ ነው፤ እኔም ብሆን ነገሩን በትክክል የጨበጥሁት ያኔ ይመስለኛል።

ስህተቴ ብዙ ነበር። መጀመሪያ ጠርሙሱን ከነፋስ ለመከለል ብዬ ግድግዳ ሥር አስቀመጥሁት፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚፈናጠረው ውኃ ገብቶበት ካፊያውን ዶፍ አስመሰለው። አንድ መለኪያ በአጠገቡ ካለው ቤት ወይም ዛፍ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ ግቢያችን ለዚህ ስለማይበቃ ከቤቱና ከኒም ዛፋችን እኩል የሚርቀውን ቦታ መርጬ፣ የቀረውን ጉድለት በደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ቀጥሎ ነፋሱ ጠርሙሱን ጣለው፤ መሬት ውስጥ በከፊል በቀበርሁት ጣሳ ውስጥ በድንጋይ አስደግፌ ተከልሁት። ሦስተኛውን ስህተት ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማታ ያየሁትን ውኃ በነጋታው ከሰዓት ሳነብ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ የአዳማ ሐሩር እየጠጣው መሆኑን ያወቅሁት ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የሞላሁት ውኃ ዝቅ ብሎ ባገኘሁት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብታዎች ከላይ አንሳፈፍሁበት፣ ንባቡንም በየቀኑ የዝናብ ጣቢያዎች በሚያነቡበት ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አደረግሁት። ሰዓቱን ማጽናት ከመለኪያው ጥራት ይበልጥ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ፤ ቀኑ መጀመሪያ ያልነበረው ቤት አንድ የታወቀ ሰዓት አገኘ፤ እናቴም ቁርሷን ከንባቡ በፊት መጨረስ ልማድ አደረገችው።

ለነፋሱ መሣሪያ መሥራት አላስፈለገኝም። ከከተማችን በላይ ባለው ሸንተረር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች ሲኖሩት፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እያንዳንዱ ተርባይን ክንፎቹን ነፋሱ ወደሚመጣበት ራሱ ያዞራልና፣ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ያየ ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያውቃል። በሚያዝያ ፊታቸው በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ነበር። ሰኔ ሲገባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረው የሚውሉባቸው ቀናት እየበዙ መጡ፤ ዝናቡም አብሮ በረከተ። ክረምት የሚባለው የእርጥብ ነፋስ አቅጣጫ መለወጥ መሆኑን ሰሌዳ ላይ በቀስት ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ፤ ከደጃፌ ሆኜ ሲዞር ማየቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልኬቱ ለቤታችን በቀጥታ የጠቀመው በውኃ በኩል ነው። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን፣ እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ የሚለው ምክር ደግሞ ውኃ ይጠይቃል። አራት ሰዎች በቀን አሥር አሥር ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሊትር ቢጠቀሙ 80 ሊትር ይሆናል፤ ይህም አራት ጀሪካን ነው። ጣሪያችን ወደ መሬት ሲለካ 8 በ6 ሜትር፣ ማለትም 48 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በደብተሬ 10 ሚሊሜትር የተጻፈበት አንድ ዝናብ ስለዚህ 480 ሊትር አውርዷል፤ የሚፈናጠረውና በአሸንዳው የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ሁለቱን ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህን ካሰላሁ በኋላ የተቀደደውን አሸንዳ ጠግኜ በርሜሎቹን ከሥሩ ደረደርሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣሪያው ላይ የአዋራውንና የወፎቹን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ፣ መጀመሪያ የሚመጣውን ሁለት ባልዲ ያህል ወደ አትክልቱ እያፈሰስን የቀረውን ለእጅና ለልብስ አዋልነው፤ ለመጠጥ አልተጠቀምንበትም። ሳሙና በዝናብ ውኃ ቶሎ አረፋ እንደሚያወጣ እናቴ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ያደገችው ወንጂ ነው፤ የዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ አብሮ አደጎቿ ጥርስ በልጅነታቸው እንደ በለዘ ቀርቷል። “ከሰማይ የወረደው ጥርስ አይበላም” ትል ነበር በርሜሉን እየከደነች።

ደብተሩ ግን ድፍረትም ሰጠኝ፤ በዚህ ጎረቤታችንን በድያለሁ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ እየጠሩ “ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል ወይ?” ማለት ጀምረው ነበር፤ ቡና መጠራራት በቆመበት ጊዜ ይህች ጥያቄ የቀረችን ጉርብትና ነበረችና ደስ ብሎኝ እመልስ ነበር። በግንቦት ማብቂያ አንድ ቀን የዓመቱን ዛላ በርበሬ ቀንጥሰው በሰሌን ላይ ሊያሰጡ ሲሉ ጠየቁኝ። አምስት ቀን አልዘነበም፤ ጠዋቱም ጥርት ያለ ነበር። “አይዘንብም እማማ፣ ያስጡት” አልኋቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ከሸንተረሩ በላይ የተከመረውን ጥቁር ደመና አየሁ፤ አጥሩ ጋ እስክደርስ ወጨፎው ቀደመኝ። ከበርበሬው ግማሹ በሰበሰ። ካሳ ልክፈል ብላቸው አልተቀበሉኝም፤ “ዝናቡ የእግዜር ነው ልጄ፤ ብቻ ያላየኸውን እንዳየህ አድርገህ አትንገረኝ” አሉኝ። ያን ቀን ማታ ደብተሩን ሳገላብጥ፣ በግንቦት ከዘነበው አብዛኛው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የጀመረ መሆኑን አየሁ። መረጃው እጄ ላይ ነበር፤ የጠዋቱን ሰማይ አይቼ ስናገር አላነበብሁትም። ከዚያ ወዲህ የነገርኋቸው ያለፈውን ብቻ ነው፤ ‘ባለፉት አሥር ቀናት ስድስቱን ከሰዓት በኋላ ዘንቧል’ እላለሁ፤ ማስጣትና አለማስጣቱን እርሳቸው ይወስናሉ። ጠዋት አሰጥተው እኩለ ቀን ላይ ማንሳት ጀመሩ።

ሰኔ 14 ቀን ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ ከኒሙ ቅጠሎች መካከል የሚወርደው ብርሃን መሬቱ ላይ የጨረቃ ቁራጭ እየመሰለ ታየ፤ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ የታየው ያው ግርዶሽ ነው። ልጄ በዕለቱ ‘ዝናብ ዜሮ’ ከሚለው ጎን ሥዕሉን ሣለችው።

በሐምሌ መጀመሪያ የመለኪያውን አሠራር ለተማሪዎቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው፤ ጥቂቶቹ ሠርተው በየቀኑ ንባባቸውን ይልኩልኝ ጀመር። እኔ ዘንድ 23 ሚሊሜትር በዘነበበት ቀን ቦኩ አካባቢ የሚኖረው ተማሪ 4 ሚሊሜትር ብሎ ላከልኝ። ተሳስቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ የጠርሙሱን ፎቶግራፍ ሲልክልኝ የተሳሳትሁት እኔ መሆኔን ተረዳሁ፤ ከአንድ ደመና የሚወርድ ዝናብ የከተማውን ግማሽ አርሶ ግማሹን ሊተወው ይችላልና። የእርሱ ሰፈር መንገድ ግን ያን ቀን በጎርፍ ተሞልቶ ነበር፤ አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች በመሆኗ ጎርፉ ሌላ ቦታ ከዘነበ ዝናብም ይመጣል። በነሐሴ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሰዎችን ማፈናቀሉን ስንሰማ፣ ልጆቹ ከሸንተረሩ ወዲያና ወዲህ የዘነበውን ለማወቅ በላይኛው ተፋሰስ ያሉ ዘመዶቻቸውን በስልክ እየጠየቁ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ ጠርሙሱ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ማስመሪያውን ላጥሁና አዲስ ሃይላንድ ላይ ለጠፍሁት፤ ንባቡን የመውሰዱን ሥራ እናቴ ተረከበች። ማየት ስለሚያስቸግራት የውኃውን አናት በአውራ ጣቷ ይዛ ቆይታ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ታሳየኝ ዘንድ በጠርሙሱ ላይ ክር ታስርበታለች።