አንዲት ማርሽ ለመሥራት ሦስት አበላሸሁ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሰፉ አንድ ጎረቤት አሉን። ጋሼ ነው የምላቸው። የስፌት መኪናቸው ውስጥ ያለች አንዲት የፕላስቲክ ማርሽ ተሰነጠቀችባቸው። መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። መለዋወጫው ምናለሽ ተራ ድረስ ተፈልጎ ታጣ። ማርሿን በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝና "ያ ማተሚያህ ይቺን ያትማታል?" አሉኝ። "ምን ችግር አለው!" አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ስሪ ዲ ፕሪንተር የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ በ0.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ እያወጣ፣ ስስ ንጣፍ በስስ ንጣፍ ላይ የሚደርብ ማሽን ነው። የዚህ አሠራር ዋናው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2009 ጊዜው ባያልፍ ኖሮ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባልተገኘ ነበር። ግን ማሽኑ የነገሩት እንጂ የታሰበውን አያትምም። እኔ ደግሞ የነገርኩት ስህተት ነበር።

የማርሽ ጥርስ መጠን ሞጁል በሚባል ቁጥር ይገለጻል። የጥርሶቹን ብዛት ትቆጥራለህ፣ 2 ትደምራለህ፣ የውጭ ዳያሜትሩን ለዚያ ታካፍላለህ። ጥርሶቹ 24 ናቸው። መለኪያዬ፣ ካሊፐሩ፣ 38.4 ሚሊሜትር አለኝ። ለ26 ሳካፍለው 1.477 መጣ፤ እንዳለ ወስጄ ሣልኩት። የታተመችው ማርሽ ከጓደኛዋ ጋር አልነክስ አለች። ሁለት ቀን ከተጨነቅኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ 1.477 የሚባል ሞጁል ማን ይቆርጣል? የተለመዱት 1፣ 1.25፣ 1.5 ናቸው። ማርሿ ስትወለድ 39 ሚሊሜትር ነበረች፤ ቀሪዋን የጋሼ ፔዳል በልቷታል። እኔ የለካሁት እርጅናዋን ነው።

ሁለተኛዋ ጥርሷ ልክ ሆነ። ቀዳዳዋን 8 ሚሊሜትር ብዬ ሥዬ 7.8 ሆኖ ወጣ። በመዶሻ መታ መታ ሳደርጋት ለሁለት ተሰነጠቀች። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ስሥል 0.2 እጨምራለሁ።

ሦስተኛዋ ሦስት ቀን ሠራች። ፒኤልኤ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነበር ያተምኳት፤ እሱ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ቦታዋ ሞተሩ አጠገብ ነው። ጥርሶቿ እንደ ሻማ ተጣመው አገኘኋቸው።

ቶርኖ ቤት ያለው ወዳጄ "በናስ ልቁረጥልህና ተገላገል" ብሎኝ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ክር ሲተበተብ ቀድማ የምትሰበረው ይቺ ማርሽ ናት። እሷ ካልተሰበረች ጣጣው ወደ ዋናው ሻፍት ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ናይለን። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ናይለን ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ሲታተም እንደ ፈንዲሻ ጠስ ጠስ እያለ አረፋ ሠራ። አቆምኩት። ክሩን ሌሊቱን በ70 ዲግሪ አድርቄ እንደገና ጀመርኩ። በሁለት ሰዓት ወጣች። ይኸው እስካሁን እየሠራች ነው።

ወደፊት ፋብሪካ ሁሉ በየቤቱ ይገባል ሲባል አላምንም። ሺህ ማርሽ የሚፈልግ ሰው ቅርጽ አስቆርጦ ፕላስቲክ ቢያስፈስስ ይሻለዋል። አንድ ብቻ ለሚፈልግ ግን ማን ቅርጽ ይቆርጥለታል? የእኛ አገር ዕቃ ደግሞ አብዛኛው አንድ ብቻ በሚፈልግ ሰው እጅ ነው ያለው።

ለጋሼ ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ እንዳለና በተሰበረች ቁጥር እንደማትምላቸው ነገርኳቸው።

"መብራት ቢጠፋስ?" አሉ።

ሁለት ተጨማሪ አትሜ መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጥኩ።