የሰፈር ሙዚየም በሞዴል 19

አቃቂ ላይ የሰፈር ታሪክ ሙዚየም እንክፈት ሲባል ሁሉም ያሰበው ስለ ዕቃው ነበር። የባቡር ፋኖስ፣ የፋብሪካ መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ፎቶ። ዕቃማ ሞልቷል። ሐዲዱ እንደ ፈረንጆቹ በ1915 አቃቂ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን በኩራት የማይነግራችሁ የአቃቂ ሽማግሌ የለም። የሬዲዮ ጣቢያውም በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። ከዚያ ደግሞ ፋብሪካዎቹ መጡ። እያንዳንዱ ቤት ሳጥን ውስጥ የሆነ ነገር አለው።

ያስቸገረን ዕቃ ማግኘት አልነበረም። ይሄ ዕቃ የማን ነው? ስለ እሱስ ማን ይወስናል? ይሄ ነው ራስ ምታቱ። አሁን ከሌላ ሰፈር "እኛም ልንከፍት ነው፣ ምን ትመክሩናላችሁ?" የሚሉ ሰዎች ስለሚመጡ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው።

ቤቱን የሰጠን እድሩ ነው። ድንኳንና ወንበር ከሚቀመጥበት መጋዘን ጎን ያለች ክፍል። በነጻ ስለሆነ ሁሉም ደስ አለው። ከመካከላችን አንድ ጡረተኛ ግን "የእድሩን ደንብ አምጡልኝ" አሉ። ሲያነቡት እድሩ ቢፈርስ ንብረቱ ተሽጦ ለአባላት ይከፋፈላል ይላል። ለድንኳንና ለድስት ጥሩ ሕግ ነው። ለሰው አባት ፎቶ ግን አይሆንም። ስለዚህ ገና ዕቃ ሳንቀበል የራሳችንን መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን፤ እድሩም በጉባኤ አጸደቀልን። ዋናው አንቀጽ አጭር ነው፦ የሙዚየሙ ስብስብ የእድሩ ሀብት አይደለም፤ ሙዚየሙ ቢዘጋ ውሰቱ ለባለቤቱ፣ ስጦታው ለሌላ ሕዝባዊ ሙዚየም ይሄዳል፤ አይሸጥም። ከሁሉ በፊት ስለ መዝጋት ማውራት ሟርት ይመስላል። አንዳንዶች ቅር ብሏቸው ነበር። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

እኚህ ጡረተኛ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ያሳለፉ ናቸው። እኛ "ጋሽ ሞዴል" እንላቸዋለን። ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ዕቃ አይገባም፣ ሞዴል 22 የሚባለው የወጪው ሳይቆረጥ አይወጣም። ይሄ ሃይማኖታቸው ነው። የውጭ ሙዚየሞች አሠራር ላይ ያነበብኩትን ይዤ ሄጄ "ጋሼ፣ የስብስብ መመዝገቢያ የሚባል ነገር አለ" ስላቸው፣ ወረቀቱን አገላብጠው "ይሄማ ሞዴል 19 ነው፤ ፎቶ ጨምረውበት ነው እንጂ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያመጣው ማን ነው፣ መቼ፣ ዕቃው ምን ይመስላል፣ ጉዳት አለው ወይ፣ ማን ተረከበ። በዚያ ላይ የዕቃውን ታሪክ የሚጻፍበት ቦታ ጨመርን። ቁጥሩ ዓመት፣ የገባበት ተራ፣ የዕቃው ተራ ነው፤ 2012/3/1 ማለት በ2012 በሦስተኛነት የገባው ርክክብ የመጀመሪያ ዕቃ ነው። ቁጥሩን ዕቃው ላይ በማርከር መጻፍ የለም። ካርቶን ላይ ተጽፎ በጥጥ ክር ይታሰራል። ፎቶ ከሆነ በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ።

ዋናው ትምህርት ግን ከአንዲት እማማ ጋር የሆነው ነው። የሟች ባላቸውን የባቡር ፋኖስ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው "በሉ አደራ ልጆቼ" ብለው ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ሞዴል ተነሡ።

"እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይ ይጠጡ።"

"ኧረ እሄዳለሁ፣ ሥራ አለብኝ።"

"ልጆችዎ ፋኖሱን እዚህ እንዳመጡት ያውቃሉ?"

"የእኔ ዕቃ አይደል? ምን አገባቸው?"

ጋሽ ሞዴል ፈገግ ብለው "ቤት ይግቡና ይጠይቋቸው፤ እኛ የትም አንሄድም" አሏቸው። እማማ ፋኖሱን መልሰው ጠቅልለው ወጡ። ተቀይመዋል። እኔም "ዕቃ በእጅ ገብቶ ይመለሳል?" ብዬ ተናድጄ ነበር። በሳምንቱ ከትልቁ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ በስጦታ አልሰጥም፣ ለሁለት ዓመት ላውሳችሁ አለ። ተፈራረምን። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ አደሰልን፤ አሁንም ፋኖሱ እኛ ጋ ነው።

በሕጉም ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው። አባት ሲሞት የእሱ ድርሻ ለልጆቹ ይወርዳል። እናት ብቻቸውን ፈርመው የሰጡትን ዕቃ ነገ ከውጭ አገር የመጣ ልጅ "የአባቴን መልሱ" ቢል ትክክል ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሁለት ወረቀት ብቻ ነው ያለው፦ ስጦታ ወይም ማብቂያ ቀን ያለው ውሰት። "ዝም ብላችሁ ያዙልኝ" የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም። ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ እንዳልታመነ ይሰማዋል። ሻይ የግድ ነው።

እምቢ ማለት ያለብን ጊዜም አለ። አንድ ተማሪ ከአዋሽ ዳር ያገኘውን የተጠረበ ባልጩት በቦርሳ ሞልቶ አመጣ። ልጁ የሚያሳዝን ጉጉት አለው። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የሚገኝበት መልካ ቁንጥሬ ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከተነሳበት ቦታ ጋር ነው የሚናገረው፤ ከተነሳ በኋላ ግማሽ ታሪኩ ጠፍቷል። በቅርስ አዋጁ፣ በቁጥር 209/1992፣ እንዲህ ያለ ግኝት ለቅርስ ባለሥልጣኑ ሪፖርት መደረግ አለበት። መደርደሪያችን ላይ ብናስቀምጠው ነገ አሥር ልጅ አካፋ ይዞ ይወርዳል። ያገኘበትን ቦታ አብረን ጽፈን፣ ወደሚመለከተው አካል እንዲወስደው ከአስተማሪው ጋር አገናኘነው። ልጁን ደግሞ አልለቀቅነውም፤ ዛሬ ለጎብኚ ተማሪዎች የሚያስረዳው እሱ ነው።

ስለ ቦርዱ። ሰባት ሰዎች ነን፤ ከእድሩ አመራር ሁለት ብቻ። አንዱ አባላችን ጠገራ ብር ይሰበስባል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። ጥሩ ሰው ነው። ግን ሰው ለሙዚየሙ ያሰበውን ብር በር ላይ "ለእኔ ሽጥልኝ" ቢለውስ? የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ የሙዚየም ባለሙያ በግሉ ሲሰበስብ ከሙዚየሙ ጋር መፎካከር የለበትም ይላል። ይህን አነበብንለት፤ ምርጫው ለእሱ ተተወ። ከቦርዱ ወጣ፤ ወዳጅነታችን ግን እንዳለ ነው።

ሌላው ጭቅጭቅ የመግለጫ ጽሑፍ ነው። በደርግ ጊዜ የነበረ የቀበሌ ሱቅ የራሽን ካርድ አለን። አንዱ የቦርድ አባል "የመከራ ዘመን ማስታወሻ" ይባል አለ። ሌላው "ቢያንስ ሁሉም እኩል ስኳር ያገኝ ነበር" ብሎ ተነሣ። ስብሰባው ሊበተን ደረሰ። መጨረሻ ላይ የወሰንነው ስለ ካርዱ አይደለም፤ ቦርዱ መግለጫ አይጽፍም የሚል ነው። ቦርዱ ፖሊሲና በጀት ያጸድቃል፣ ሒሳብ ያስመረምራል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው የሥራ ቡድኑ ነው፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። ካርዱ አጠገብ አሁን ምን ይገዛበት እንደነበር ተጽፏል፤ ከሥሩ የሁለት ጎረቤታሞች ቃል አለ። አይስማሙም። ጎብኚው ረጅም ጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው።

ዕለታዊው ሥራ ብዙ አያስወራም። የቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ ኮርኒስ ይቅደም። ሳጥን ከወለል ከፍ ይበል፤ ክረምትም ምስጥም አለ። ቁልፍ ለሁለት ሰው፣ የመዋጮ ሣጥን ሲከፈትም ሁለት ሰው ከነቃለ ጉባኤው። የመዝገቡ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ብል የገባበት በርኖስ ሲመጣ ደግሞ በላስቲክ ጥብቅ አድርገን ጠቅልለን ሁለት ሳምንት ሉካንዳ ቤት ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ከወጣ በኋላ ላስቲኩ የሚፈታው በማግስቱ ነው፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ባለ ሉካንዳው መጀመሪያ ስቆብን ነበር። አሁን ለደንበኞቹ የሚያወራው ስለ በርኖሱ ነው።

ገንዘብ ሁልጊዜ ያጥራል። አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ወለሉን ሴራሚክ ላንጥፍ አለ፤ የአባቱ ፎቶ መግቢያው ላይ በትልቁ ይሰቀልልኝ ብሎ። ማንም ፊት ለፊት እምቢ ለማለት አልደፈረም። ጋሽ ሞዴል ግን የስብስብ ፖሊሲውን አውጥተው አነበቡለት፦ ዕቃ የሚታየው በታሪኩ እንጂ በሰጪው አቅም አይደለም። ነጋዴው አሰበና "እንግዲያው ይቅር" አለ። ወለላችን አሁንም ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ካለ ማክሰኞና ቅዳሜ ክፍት ነን፤ ደረሰኝ እንቆርጣለን።