ቀዩ ነጥብ የት ሄደ?

የምሠራው አሜሪካ፣ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ከዕጢ በስሱ በተቆረጠ ናሙና ላይ የተወሰኑ ጂኖች መኖር አለመኖራቸውን ማየት ነው። ምርመራው ፊሽ ይባላል። የሚያበሩ ፕሮቦች፣ ማለትም የምንፈልገው ጂን ላይ ሄደው የሚጣበቁ የዲኤንኤ ቁራጮች፣ ስላይዱ ላይ ይጨመሩና ያድራሉ፣ በነጋታው ጨለማ ክፍል ገብተን ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረን ነጥብ እንቆጥራለን። አዎ፣ ሰው ይህን ሁሉ ተምሮ ነጥብ ይቆጥራል።

አንድ ቀን የአንጎል ዕጢ ናሙና መጣ። ታካሚው ገና ጎልማሳ ነው፤ ድንገት ጥሎት ሆስፒታል ሲገባ ነው ዕጢው የታየው። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይታ በሽታውን የምትለየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቷ፣ አስትሮሳይቶማ (አስትሮሳይት ከሚባሉት የአንጎል ሴሎች ጋር የሚመሳሰል ዕጢ) ብላዋለች፣ አይዲኤች የሚባለው ጂን ላይም ሚውቴሽን ተገኝቷል። መልኩ ግን ረጋ ያለ ነው። የሞተ ሥጋ የለበትም፣ የተዛባ የደም ሥር የለበትም፣ ሲያዩት ደረጃ 2 ነው የሚመስለው፤ ክፉው ደረጃ 4 ነው። ከእኛ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ሲዲኬኤን2ኤ የሚባለው ጂን አለ ወይስ የለም?

ስላይዱን መጀመሪያ ያየችው አዲስ የተቀጠረች የሐበሻ ልጅ ነች። ጎበዝ ነች፣ እጇም ፈጣን ነው። ብዙም ሳትቆይ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ቀዩ አልሠራም። አረንጓዴው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቀይ ግን አንድም የለ። ይደገም ብዬ ልጻፍ?»

አረንጓዴው የዘጠነኛው ክሮሞዞም ወገብ ላይ የሚያርፍ ፕሮብ ነው፣ ቀዩ ደግሞ ጂኑ ላይ። ጤነኛ ሴል ሁለት ሁለት ያሳያል። ልጅቷ ያየችው ሁለት አረንጓዴና ባዶ ነው።

ጥርጣሬዋ የሞኝ አይደለም። ፕሮብ ብርሃን ሲነካው ይደበዝዛል፣ ጊዜው ያልፋል፣ የማሞቂያው ሙቀት ትንሽ ሲዛባም ይበላሻል። ናሙናው የሚቆረጠው ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ስለሆነ አንዳንዱ ኒውክለስ (ጂኖቹ ያሉበት የሴሉ እምብርት) ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሌላ ስላይድ ላይ ይቀራል፣ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው በአንድ ሁለት ሴል የማንፈርደው። ጂን ሲበዛ ማየት ቀላል ነው፣ ነጥቡ እንደ ኩፍኝ ይወጣልሃል። የጠፋ ጂን ግን ካልሠራ ፕሮብ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ሁለቱም ባዶ ናቸው።

«እስቲ የደም ሥር ፈልገሽ አሳዪኝ» አልኳት።

«ዕጢው ውስጥ ያለውን?»

«እሱን። የደም ሥሩ የሰውየው ነው፣ የዕጢው አይደለም።»

ቀስ እያለች ስላይዱን ገፋችው። ቀጠን ረዘም ያሉ የደም ሥር ሴሎች ተደርድረው መጡ። ሁለት አረንጓዴ፣ ሁለት ቀይ። ጎናቸው ያሉት የዕጢ ሴሎች ላይ ቀዩ የለም። ያው ስላይድ፣ ያው ፕሮብ፣ ያው ሌሊት። ልጅቷ «ውይ!» አለችና የጀመረችውን ቅጽ ቀደደችው።

ታዲያ አንድ ጂን ቢጠፋ ምን ይሆናል? ከዚያች የዘጠነኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሁለት ፕሮቲኖች ይወጣሉ። አንዱ፣ ፒ16፣ ሴሉን ተባዛ እያሉ የሚገፉትን ሲዲኬ4ንና ሲዲኬ6ን ይይዝና ሴሉ ዝም ብሎ እንዳይባዛ ያደርጋል። ሌላው፣ ፒ14ኤአርኤፍ፣ ኤምዲኤም2 የሚባለውን ፒ53 አጥፊ ያስታግሳል፤ ፒ53 የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚያስቆም ፕሮቲን ነው። ቁራጯ ስትጠፋ የእግር ፍሬኑም የእጅ ፍሬኑም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ጥፋቱ ግን ሁለቱም ቅጂ ላይ መድረስ አለበት። አንዱ ከተረፈ አንድ ቀይ እናያለን፣ ወሬውም ሌላ ይሆናል። ይህን የሁለት ምት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው አልፍሬድ ክኑድሰን ነው፤ የዓይን ካንሰር ያለባቸውን የ48 ሕጻናት መዝገብ እያገላበጠ፣ ጂኑን በዓይኑ ሳያይ። እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምደባ መሠረት አይዲኤች ሚውቴሽን ያለው አስትሮሳይቶማ ይህን ጂን ከሁለቱም ወገን ካጣ፣ መልኩ የፈለገውን ያህል የዋህ ቢሆን ደረጃ 4 ነው። ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ቮራሲደኒብ የሚባለው ክኒን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለደረጃ 2 የሚሰጥ ነው። ደረጃ 4 ሲሆን ሐኪሙ የሚያስበው ጨረርና ኬሞ ነው።

«ይደገም» ብንል ኖሮ ከጥፍር ከማትበልጠው ናሙና ሌላ ስላይድ መቁረጥ ነበረብን፣ ሌላ ሌሊትም ይሄድ ነበር፣ በመጨረሻ የምናገኘው ያንኑ ባዶ ነው። ሁለታችንም ለየብቻ ቆጠርን፣ ተስማማ፣ ውጤቱ ለፓቶሎጂስቷ ሄደ። አሁን ላባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ምርመራ ሲሠራ ቅጹ ላይ የደም ሥር ሴሎች ምን እንዳሳዩ የሚጻፍበት መስመር አለ። ያስገባችው እሷ ናት።

ፊሽ የሌላቸው ቦታዎች የሚጠቀሙበት ሌላ መንገድም አለ። ኤምታፕ የሚባል ጂን እዚያው ጎረቤት ስላለ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ ፕሮቲኑን በተራ ማይክሮስኮፕ በሚታይ ቀለም ማየት ይቻላል፣ ምንም እንኳ ሁልጊዜ ከፊሹ ጋር ባይገጥምም። እዚያም ቢሆን የዕጢው ሴል ቀለም አልያዘም ከማለታችሁ በፊት የደም ሥሩ መያዙን እዩ።