ከደሴ እስከ ፍጥሞ፦ የተከፈለበት ጉብኝት ወንበር እንዴት ይያዛል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ከልጆቹ አንዱ «እማዬ፣ በመርከብ ላዙርሽ» ማለቱ አይቀርም። ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ ጉዳዩ እጃቸው ላይ ለሚወድቅ ወንድምና እህቶች ነው። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ንዴት አላይም ነበር።

አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ለእማዬና ለእኔ የቅንጦት መርከብ ጉዞ ከፈለች። መርከቡ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ ይነሳል። የግሪክ ደሴቶች በሆኑት በሳንቶሪኒ፣ በሮዴስና በፍጥሞ ይቆማል፤ ከዚያ ቱርክ ይሻገርና ኩሻዳሲ ወደብ ይገባል። ምግቡ፣ መጠጡ፣ ቲፑ ሁሉ አንድ ላይ ተከፍሏል። በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝትም በዋጋው ውስጥ አለ ተባልን። አውቶቡሱ፣ አስጎብኚው፣ የመግቢያ ትኬቱ፣ ሁሉም።

እማዬ ሳንቶሪኒን ስሟንም ሰምታ አታውቅም። ፍጥሞን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት። ኤፌሶንንም ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ431 አባቶች የተሰበሰቡባት፣ ቅዱስ ቄርሎስ የተከራከረባት፣ ድንግል ማርያም ወላዲተ አምላክ መባሏ የጸናባት ከተማ ናት። የኤፌሶን ፍርስራሽ ከኩሻዳሲ ወደብ በመኪና ሩቅ አይደለም። «እነዚህን ሁለቱን ካሳየሽኝ ሌላው ቢቀርም ይቅር» አለችኝ። እኔም ሥራዬ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ሸንገን ቪዛ (ለግሪክና ለሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን) ስትጠይቁ ባለ ብዙ መግቢያ ጠይቁ። መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ቱርክ ገብቶ ስለሚመለስ ባለ አንድ መግቢያው አያዋጣም። የቱርክን ቪዛም አዲስ አበባ ላይ ያዝን። ቀኑን የመረጥነው በሃምሳው ውስጥ እንዲውል አድርገን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ጉብኝት ላይ የሚቀርበው ምሳ አያስቸግርም። ይህን የትኛውም ኤጀንት አይነግራችሁም። ከኮምቦልቻ በረርን፤ ከአዲስ አበባ አቴንስ ገባን። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ጉብኝቱ በዋጋው ውስጥ አለ ማለት ወንበር ተይዞላችኋል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ጉብኝት የራሱ የወንበር ቁጥር አለው። መያዣው በድርጅቱ ዌብሳይት ላይ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይከፈታል። ትልልቅ ክፍል የያዙት ቀድመው ይገባሉ። የእኛ ክፍል ከርካሾቹ ስለነበር ተራችን መጨረሻ ነበር። ሙሉ ክፍያ ያልጨረሰ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የተነገረን በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ጠዋት 8:30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ተኩል ማለት ነው። እነሱ በክረምታቸው ከእኛ ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደኋላ ናቸው። የእኛ ቀን ጥር ላይ ስለዋለ ደሴ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። በእነሱ በጋ ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆን ነበር። ይህን ቀድሜ አስልቼ፣ ከእህቴ ጋር ተነጋግሬ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ መብራት ቢጠፋም ብዬ የዳታ ካርድ ሞልቼ ጠበቅሁ። እማዬ ቡና አፍልታ አጠገቤ ተቀምጣለች።

በሰዓቱ ተከፈተ። በወደቦቹ ቅደም ተከተል አልሄድኩም፤ ፍጥሞን ቀድሜ ነካሁ። የእኔ ስም ገባ። የእማዬን ስም ስነካ «የመንገደኛዋ መረጃ ከጉዞ ሰነዷ ጋር አይጣጣምም፣ ይደውሉ» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ወደ ኤፌሶን ሄድኩ። ያው ነው። ሮዴስ። ያው።

ምን ተፈጥሮ መሰላችሁ? ጉዞውን ለእህቴ የሸጠላት ኤጀንት ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ የሁለታችንን ፋይል ያያል። እናትና ልጅ ናቸው። የመጨረሻ ስማቸው ግን አንድ አይደለም። እኛ ዘንድ ይህ ምን ይገርማል? እኔ በአባቴና በአያቴ እጠራለሁ፤ እናቴ በአባቷና በአያቷ ትጠራለች። አግብታ ስሟን አትቀይርም። እሱ ግን ስህተት ያገኘ መስሎት ማንንም ሳይጠይቅ የእማዬን የመጨረሻ ስም በእኔ ቀየረው። ያውም እህቴ ስትከፍል የሁለታችንንም የፓስፖርት ገጽ ልካለት ነበር! ፓስፖርቱ ፊቱ ተቀምጦ ነው በግምቱ የሠራው።

ለእማዬ ሳስረዳት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቡናውን አስቀመጠችና «የአባቴን ስም ማን ፋቀው?» አለች። በጣም ነው የተከፋችው። ጉብኝቱን ረስታው ስለ አባቷ ስም ነበር የምታወራው። ጎረቤታችን ገብታ «አብሽሩ፣ ይስተካከላል» ብትልም አላጽናናትም።

እህቴ ሥራ ላይ ሆና ደወለች። ኤጀንቱ የመርከቡን ድርጅት ጠይቂ አላት። የመርከቡ ድርጅት ደግሞ የያዘልሽ ኤጀንት ነው መቀየር የሚችለው አላት። ወዲያና ወዲህ አንከራተቷት። በመጨረሻ የኤጀንቱ ኃላፊ ያላትን ልንገራችሁ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። «ጉብኝቱ በዋጋው ውስጥ ስላለ አትጨነቂ። ሁሉም ሰው ቦታ ያገኛል። መርከቡ ላይ ስትወጡ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይያዝላችኋል።»

ይህ ውሸት ነው። ሰውየው ሳያውቅ ብሎትም ከሆነ ለእኔ ያው ነው፤ ሥራው ይህን ማወቅ ነው። መርከቡ ላይ ያለው ጠረጴዛ የሚያከፋፍለው የተረፈውን ነው። ሰው የሚሻማባቸው ጉብኝቶች መርከቡ ሳይነሳ ከወራት በፊት ያልቃሉ። የሚተርፉት ሦስትና አራት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ማየት የሆኑት ናቸው። የእማዬ ስም እስኪስተካከል ቀናት አለፉ። ስትገባ የፍጥሞም የኤፌሶንም ነፃ ጉብኝት «ሞልቷል» ይላል። የቀረው ተጨማሪ ክፍያ ያለው ነው። እህቴ አንዴ ከፍላለች፤ በሌላ ሰው ጥፋት ሁለተኛ ልትከፍል?

እና እዚህ ላይ ምክሬ ይህ ነው። ጉዞው እንደተከፈለ፣ መያዣው ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብላችሁ፣ አካውንቱን ክፈቱና እያንዳንዱን ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን። አሜሪካኖቹ ወርን ከቀን አስቀድመው ስለሚጽፉ የትውልድ ቀኑም ሊገለበጥ ይችላል። የሚስተካከል ካለ በስልክ ብቻ አትመኑ። በኢሜይል ጻፉ፤ መልሱንም አስቀምጡ። «እናትና ልጅ የተለያየ የመጨረሻ ስም አላቸው፣ ይህ የአገራችን ሥርዓት ነው፣ እንዳትነኩት» ብላችሁ ከመጀመሪያው ጻፉላቸው።

ከዚያ በኋላ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ እማዬን አስገባኋት። የእኔን ወንበር ግን አልለቀቅሁም። እህቴ «ሁለታችሁም ሌላ ያዙ» ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። አንድ ወንበር ይዞ አንድ መፈለግ ሁለት ከመፈለግ ይሻላል። ማታ ማታ፣ ዋይፋዩ ፈጠን ሲል፣ እየገባሁ አየሁ። በነፃ የመሰረዣው ቀነ ገደብ ሲቃረብ ሰዎች መልቀቅ ጀመሩ። ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር ይይዝና በኋላ ይመርጣል። የኤፌሶን አንድ ወንበር ስትከፈት ያዝኳት። ቤቱ ሁሉ እልል አለ።

ስለዚህ እናንተም መጀመሪያ ቀን ላይ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ያዙ፣ በኋላ ትሰርዛላችሁ። ድርጅቶቹ «የምትሄዱበትን ብቻ ያዙ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የመሰረዣውን ቀን ብቻ ማስታወሻ ላይ ጻፉት፤ ካለፈ ያስከፍላል። ዝርዝሩ ላይ ነፃውና የሚከፈልበት ተቀላቅሎ ስለሚቀመጥ ዋጋው ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ንኩ።

ሌላም የማልስማማበት አለ። በየጉብኝቱ አጠገብ የድካም ደረጃ ይጽፋሉ፤ ለአዛውንቶች ቀላሉን ይመክራሉ። ኤጀንቱም እማዬን ሳያውቃት በዕድሜዋ ብቻ ቀላሉን ካልያዝን ሲል ነበር። እማዬ መስከረም 21 ግሸን ማርያምን በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት። የሚያደክማት መኪና ነው። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ እንኳ ራሷን ያዞራታል። ለእሷ ቀላል የተባለው የአውቶቡስ ጉብኝት ነው ከባዱ። ኤፌሶንን ስትወርድ ከእኔ በፊት ነበረች። መንገዱ እብነ በረድ ነው፤ ያዳልጣል። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ከደሴ ይዛው የመጣችው ዣንጥላ ጠቀማት። እናታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ደረጃውን እናንተ ስጡ።

ኤፌሶን ላይ አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። አስጎብኚው የሴልሰስን ቤተ መጻሕፍትና ትልቁን ቲያትር ደህና አድርጎ አሳየን። ቲያትሩ በሐዋርያት ሥራ ላይ ሕዝቡ በጳውሎስ ላይ የጮኸበት ነው። የጉባኤው ቦታ የሆነው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ግን ከታችኛው በር አካባቢ ነው፤ ቡድኑ አልፎት ሊሄድ ነበር። ቀድሜ አንብቤ ስለነበር ጠየቅሁት። ጥቂት ደቂቃ ሰጠን። እማዬ ሄዳ ተሳልማ ተመለሰች። ጊዜው በጣም አነሰ። የእመቤታችን ቤት የሚባለው ኮረብታው ላይ ያለው ደግሞ በነፃው ጉብኝት ውስጥ አልነበረም፤ የሚከፈልበት ውስጥ ነው። ዛሬ ብይዝ ለኩሻዳሲ ብቻ የሚከፈልበትን እወስድ ነበር። ለሌላው ወደብ ግን አልከፍልም።

ፍጥሞስ? አልተገኘም። መርከቡ ላይ በወጣን ማታ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። የነበረችው ልጅ ትሁት ናት፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ሞልቷል አለች። ያኔ የእኔንም ሰረዝኩና በራሳችን ለመሄድ ወሰንን።

ይህን ቀድሜ ባውቅ ያን ያህል ባልተጨነቅሁ። ፍጥሞ ትንሽ ደሴት ናት። ወደቡ ስካላ ይባላል። የራእዩ ዋሻ ከወደቡ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከሱ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ታክሲ አለ። ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ዩሮ በጥሬው ያዙ። ቡድኖቹ እንደ መንጋ ገብተው እንደ መንጋ ሲወጡ፣ እማዬ ዋሻው ውስጥ እስኪበቃት ቆየች። ነጠላዋን ለብሳ ነበር፤ በሩ ላይ የነበሩት አባት በአክብሮት አስገቧት። ቡድን ይዘን ቢሆን ይህን ያህል አትቆይም ነበር። ስለዚህ ኤጀንቶቹ የፈለጉትን ይበሉ፣ ለፍጥሞ የመርከቡ ጉብኝት አያስፈልግም። ለኤፌሶን ግን ያስፈልጋል፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ያለ አስጎብኚ ድንጋይ ብቻ ነው የምታዩት።

እህቴ ቅሬታ ጽፋ ነበር። ኤጀንቱ ይቅርታ ጠየቀና ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ እሰጣለሁ አለ። ደብዳቤው ላይ የእማዬ ስም አሁንም በእኔ አያት ስም ነው የተጻፈው። በእነሱ በኩል ሁለተኛ አንሄድም።

በራሳችሁ ለምትወርዱ ሁለት ነገር ልጨምር። ፍጥሞ ላይ ትልቅ መርከብ ባሕሩ ላይ ቆሞ ሰው የሚወርደው በትንንሽ ጀልባ ነው። ጉብኝት የያዙት ቀድመው ይወርዳሉ፤ እናንተ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ በጠዋት ተነሡና የጀልባውን ቁጥር ቀድማችሁ ውሰዱ። ሁለተኛው የመመለሻው ሰዓት ነው። የመርከቡ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የሄደውን ግን አይጠብቅም። ግሪክ በራሷ በጋ፣ ቱርክም ዓመቱን ሙሉ፣ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። መርከቡ 14:00 ሲል በእማዬ ሰዓት ስምንት ነው። እኛ ሰባት ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ነበርን።